መንገድ ዳር የቆመው ዓይን

በመኪና መንገድ ዳር አንድ ሣጥን ቆሟል። አይናገርም፤ አይንቀሳቀስም። ሾፌሮች ግን ከሩቅ ሲያዩት ፍሬን ይይዛሉ። ይህ ሣጥን ምንድን ነው? ሾፌሮችስ ለምን ይጠሉታል? ዛሬ በፈረንሳይ አገር የሆነውን እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሣጥኑ የፍጥነት ካሜራ ይባላል። በውስጡ ራዳር የሚባል መሣሪያ አለ። ራዳር ለዓይን የማይታይ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ መኪናውን ነክቶ ይመለሳል። ነገሩ የገደል ማሚቶን ይመስላል። ገደል ፊት ቆመን ስንጮህ ድምፃችን ተመልሶ ይመጣ የለም? መሣሪያውም ከተመለሰው ሞገድ የመኪናውን ፍጥነት ያውቃል። መኪናው ከተፈቀደው በላይ ከሮጠ ታርጋውን ፎቶ ያነሳል። ከዚያ የቅጣት ደብዳቤ ባለመኪናው ቤት ድረስ ይመጣል።

ፈረንሳይ የመጀመሪያውን ቋሚ ካሜራ የተከለችው በ2003 ነው። ቦታው ከፓሪስ በስተደቡብ ያለችው ላ ቪል ዱ ቧ ናት። ከዚያ በፊት፣ በ2002፣ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ከ7,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ2010 የሟቾቹ ቁጥር ከ4,000 በታች ወረደ። ይህን ሁሉ ያመጣው ካሜራ ብቻ አይደለም። ነገር ግን የፍጥነቱ መቀነስ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ሾፌሮቹ ምን አሉ?

አንዳንዶቹ ሣጥኑ ኪሳችንን ለመበርበር የቆመ ነው አሉ። ፖሊስ ቢሆን ምክንያታችንን ይሰማን ነበር፤ ሣጥን ምን ይሰማል? ብለው አማረሩ። ሌሎቹ ደግሞ ዘዴ ፈለጉ። ካሜራው ጋ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፤ ካለፉት በኋላ ነዳጅ ይረግጣሉ። ስለዚህ ከ2012 ጀምሮ በአንዳንድ መንገዶች ሁለት ካሜራዎች ተራርቀው ተተከሉ። እነዚህ ካሜራዎች መኪናው ከአንዱ እስከ ሌላው በስንት ደቂቃ እንደደረሰ ያሰላሉ። እዚህ ላይ ዘዴው አይሠራም።

በ2018 በብዙ የገጠር መንገዶች የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ከ90 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ዝቅ አለ። የገጠር ሰው ተቆጣ። ሥራው ሩቅ፣ ሐኪም ቤቱ ሩቅ፣ ያለ መኪና የማይኖር ሰው ነውና። በዚያው ዓመት የነዳጅ ታክስ ሊጨመር ሲል ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በየመንገዱ ወጡ። ካሜራዎችም ተቃጠሉ፤ ቀለም ተቀቡ፤ በላስቲክ ተሸፈኑ። በ2019 መጀመሪያ የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ከመቶው ካሜራ 60 ያህሉ ተጎድቷል አሉ።

ከአቤቱታው ውስጥ የተሰማም አለ። ከ2024 ጀምሮ ከተፈቀደው ፍጥነት ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ያለፈ ሰው ገንዘብ ይከፍላል እንጂ ከመንጃ ፈቃዱ ነጥብ አይቀነስበትም።

ነገር ግን ሣጥኑ ቢቃጠልም የፍጥነት አደጋ አይቃጠልም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ልጅ ድንገት ሲገባበት አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ብቻ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የቅጣት ገንዘብ ሠርተን እንተካዋለን። ልጅን ግን በምን እንተካለን?

ካሜራ የሚያየው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ልጅና ከብት ግን በየትም ቦታ ይሻገራሉ። ስለዚህ በአስፋልት ዳር የምንሄድ ሁሉ የግራውን ጠርዝ እንያዝ። ያን ጊዜ በእኛ በኩል የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እናየዋለን። ተሳፍረን ሳለ ሾፌሩ ከመጠን በላይ ሲሮጥ ዝም አንበል። «ወንድሜ፣ ቀስ በል እንጂ!» እንበለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ለውይይት፦ በመንደራችን አጠገብ መኪና ቀስ ማለት የሚገባው የት የት ቦታ ነው? ጽፈን ለጎረቤቶቻችን እናንብብላቸው።