የሌንስን አፐርቸር በቤት ውስጥ መፈተን

አፐርቸር በካሜራ ሌንስ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የሚያሰፉትና የሚያጠቡት በክብ ተደርድረው አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተቱ ስስ ክንፎች ናቸው። ስፋቱ የሚጠራው በሚሊ ሜትር ሳይሆን በኤፍ ቁጥር ነው፦ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ማለፍ፣ በፎቶ አንሺዎች አነጋገር አንድ ስቶፕ መዝጋት፣ የሚገባውን ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ለሁሉም ሌንስ የሚሠራ ደንብ ነው። አንድ የተወሰነ ሌንስ ደንቡን ምን ያህል እንደሚጠብቅና በየትኛው ቁጥር ላይ ጎልቶ እንደሚሠራ ግን የሚታወቀው ሲፈተን ብቻ ነው፤ ለዚህም ማስመሪያ፣ ጋዜጣ፣ ነጭ ግድግዳና ትራይፖድ ይበቃሉ።

ከሁሉ ቀላሉ ፈተና ቀዳዳውን መለካት ነው። የኤፍ ቁጥር የሚገኘው ፎካል ሌንግዝ የሚባለው የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ወርድ ሲካፈል ስለሆነ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ላይ 25፣ በኤፍ 4 ላይ 12.5፣ በኤፍ 8 ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ቀለበቱ በእጅ የሚዞር አሮጌ ሌንስ ለዚህ ይመቻል። ሌንሱ ወደ መስኮት ብርሃን ተይዞ፣ ማስመሪያው ከፊቱ ተደርጎ፣ ቢያንስ ከአንድ ክንድ ርቀት በአንድ ዓይን ይታያል። ከፊት የሚታየው ቀዳዳ በፊተኞቹ መስታወቶች አልፎ የመጣ ምስል ስለሆነ መጠኑ ከውስጠኛው ቀዳዳ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሆኖም ለስሌቱ የሚያስፈልገው ይኸው ምስል ነውና ሌንሱን መፍታት አያሻም።

ክንፎቹን በካርቶን መተካትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1858 እንግሊዛዊው ጆን ዋተርሃውስ ያቀረበው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የተለያየ ቀዳዳ ያላቸው ጠፍጣፋ ብረቶች በሌንሱ ጎን በተከፈተ ስንጥቅ እየተቀያየሩ ይገቡ ነበር። 12.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተበሳበት ጥቁር ካርቶን፣ እስከ መጨረሻው በተከፈተ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊት ቢደረግ የፎቶው መካከል ልክ በኤፍ 4 እንደተነሣ ይሆናል። ማዕዘኖቹ ግን ይጨልማሉ፤ ካርቶኑ ከሌንሱ ዋና ቀዳዳ ርቆ ስለሚቀመጥ በጎን የሚመጣውን ብርሃን ይከልላል።

ብርሃኑ በእርግጥ በግማሽ መቀነሱን ለማየት ነጭ ግድግዳ በማንዋል ይነሣል፦ በኤፍ 2.8 በሰከንድ 1/250፣ በኤፍ 4 በ1/125፣ በኤፍ 5.6 በ1/60፣ በኤፍ 8 በ1/30። አይኤስኦው አይነካም። ፎቶዎቹ እኩል ደማቅ ከሆኑ ቁጥሮቹ ታማኝ ናቸው። ግድግዳው የቀን ብርሃን ቢያገኝ ይመረጣል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ መብራት 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገቡ ፈጣን ሹተር ውጤቱን ያዛባዋል።

ከሁሉ ብዙ የሚያስተምረው የጥራት ፈተና ነው። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ይለጠፋል፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ከጋዜጣው ጋር ትይዩ ይቆማል፣ እጅ እንዳያነቃንቀው በሰዓት ቆጣሪ ይነሣል። የአማርኛ ጋዜጣ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት አጭር ሰረዝ አቀማመጥ ብቻ ነውና፣ ሌንሱ ሲደክም መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ፎቶው መካከሉና ማዕዘኑ እየጎላ ሲታይ፣ በሰፊው ቀዳዳ የማዕዘኑ ፊደላት ብዙ ጊዜ ይደበዝዛሉ፤ በኤፍ 5.6 ወይም 8 አካባቢ ይጠራሉ። ከኤፍ 16 በኋላ ደግሞ ገጹ በሙሉ፣ መካከሉ ሳይቀር፣ ይለሰልሳል።

ይህ የመጨረሻው መለስለስ የሌንሱ ጉድለት አይደለም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ክስተቱ ዲፍራክሽን ይባላል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1835 እንዳሰላው የአንዲት ነጥብ ምስል ክብ ነቁጥ ይሆናል። ለአረንጓዴ ብርሃን የነቁጡ ወርድ በኤፍ 8 ወደ 11 ማይክሮ ሜትር፣ በኤፍ 22 ወደ 30 ማይክሮ ሜትር ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ሴንሰር ላይ አንዱ ፒክስል 6 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ ነቁጡ ብዙ ፒክስሎችን ይሸፍናል። ውድ ሌንስም ከዚህ አያመልጥም።

ይኸው መበተን በሌሊት የመንገድ መብራትን ኮከብ ያስመስለዋል። በኤፍ 16 ሲነሣ እያንዳንዱ የክንፍ ጠርዝ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ጨረር ይዘረጋል። ባለ 6 ክንፍ ሌንስ ጨረሮቹ ስለሚደራረቡ 6 ብቻ ያሳያል፤ ባለ 7ቱ 14፣ ባለ 9ኙ 18 ይሰጣል።

ማስመሪያ ወደ ኋላ ተጋድሞ በቅርብ ሲነሣ ደግሞ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ብዙ ሚሊ ሜትሮች ይጠራሉ። በአንዳንድ ሰፊ ሌንሶች ሌላም ነገር ይታያል፦ በኤፍ 1.4 ፎከስ የተደረገበት መስመር በኤፍ 2.8 ከሁሉ የጠራው መሆኑ ይቀራል፤ ጥራቱ ከኋላው ወዳለው መስመር ይሸሻል። የመስታወቱ ጠርዝና መካከል ብርሃንን እኩል ርቀት ላይ ስለማይሰበስቡ፣ ጠርዙ ሲከለል የፎከሱ ቦታ ይዛወራል። መፍትሔው በሚነሣበት ቁጥር ላይ ፎከስ ማድረግ ነው።

የሜካኒኩ ጤንነት የሚታወቀው ደግሞ ያንኑ ግድግዳ በኤፍ 16 ደጋግሞ በማንሣት ነው። ብዙ ካሜራዎች ክንፎቹን የሚዘጉት ሹተሩ ሲጫን ብቻ ስለሆነ፣ ዘይት የፈሰሰባቸው ክንፎች በጊዜ አይደርሱም፤ ከፎቶዎቹ አንዳንዱ ከሌሎቹ ይደምቃል። ዘይቱን ማጽዳት ሌንሱን መፍታት ስለሚጠይቅ የጠጋኝ ሥራ ነው።