ቲዛኒዲንና ሲፕሮን አብራችሁ አትውሰዱ

ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከላችሁን ክኒን ፎቶ አንስታችሁ «ይሄ ለምን ይሆናል?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ለወገብ ሕመም እየተባሉ ከሚመጡት አንዱ ቲዛኒዲን ነው። ከአሜሪካ ከመጣ ዛናፍሌክስ፣ ከአውሮፓ ከመጣ ሲርዳሉድ የሚል ስም ሊኖረው ይችላል። ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈው አንድ በጣም የምፈራው ነገር ስላለ ነው።

«ጡንቻ ያፍታታል» ቢባልም የሚሠራው ጡንቻው ላይ አይደለም። ህብለ ሰረሰር ላይ ሆኖ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያዝዙትን የነርቭ መልእክቶች ያዳክማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈቀደውም በመልቲፕል ስክለሮሲስ ወይም በህብለ ሰረሰር ጉዳት ጡንቻቸው ለተገተረባቸው ሰዎች ነው። ሐኪሞች ለወገብ ሕመምም ያዝዙታል፤ እኔ ግን ለጥቂት ቀን ካልሆነ አልደግፈውም።

ኬሚካላዊ አወቃቀሩ ኢሚዳዞሊን ከሚባለው ወገን ነው። ለደም ግፊት ከሚታዘዘው ክሎኒዲን ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም የሚያነቃቁት አልፋ 2 የሚባለውን ተቀባይ ነው። ግፊት የሚያወርደው፣ እንቅልፍ የሚያመጣውና አፍ የሚያደርቀውም ለዚህ ነው። ወስዳችሁ መኪና አትንዱ፤ መጠጥም አትጨምሩበት።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ። ይህ መድኃኒት ከተዋጠ በኋላ ጉበት ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛው ይሰባበራል፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው 40 በመቶ ገደማ ነው። የሚሰባብረው ሲዋይፒ 1ኤ2 የሚባል ኢንዛይም ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም ያግደዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የሄልሲንኪ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሲፕሮ ሲወስዱ የቆዩ 10 ጤነኛ ሰዎች አንድ ባለ 4 ሚሊግራም ቲዛኒዲን ዋጡ። ሰውነታቸው ያገኘው የመድኃኒት መጠን በአማካይ 10 እጥፍ ሆነ። አስቡት፤ 4 ሚሊግራም የዋጠ ሰው 40 የዋጠ ያህል ሆነ ማለት ነው። በቀን የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ግን ተከፋፍሎ ተወስዶ እንኳ 36 ነው። ግፊታቸው ወረደ፣ ድብታም ያዛቸው። እነዚህ ጤነኞች ነበሩ። ቀድሞውንም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናትና አባቶቻችንን ሳስብ እሰጋለሁ።

ሲፕሮ እኛ ዘንድ ለታይፎይድ፣ ለተቅማጥ፣ ለሽንት ኢንፌክሽን በየቤቱ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ፋርማሲስቷ ስትሸጥላችሁ ቲዛኒዲን እንደምትወስዱ አታውቅም፤ ከእሷ አልገዛችሁትማ! ሻንጣ ውስጥ የመጣ ክኒን በካርዳችሁ ላይም አልተጻፈም። የሁለቱ አብሮ መወሰድ በአምራቾቹ መመሪያ ላይ በግልጽ የተከለከለ ነው። ለድብርት የሚታዘዘው ፍሉቮክሳሚንም እንዲሁ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱም ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ እንክብሉ ቲዛኒዲን ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

ጉበታችሁ ታሞ የሚያውቅ ከሆነ ቲዛኒዲንን ያለ ሐኪም አትንኩት። በከፍተኛ መጠን ለሳምንታት የወሰዳችሁ ደግሞ በድንገት አታቋርጡ፤ ግፊት ተመልሶ ሊያሻቅብ ስለሚችል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ቲዛኒዲንና ሲፕሮን አብራችሁ ወስዳችሁ ራሳችሁን ካዞራችሁ ተኙ፣ ብድግ አትበሉ፣ ሰው ጠርታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ሐኪም ቤትም ሆነ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ከውጭ የተላከላችሁን ክኒን ከነእሽጉ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ።