የፖለቲካ ስያሜና የመዝገበ ቃላት ፍቺ

ቃላት ከኅብረተሰብ ትግል ተነጥለው የሚኖሩ አይደሉም። ስለዚህ አንድ የፖለቲካ ስያሜ ሲሰነዘር ሠርቶ አደሩ መመርመር ያለበት የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ለማን እንደ ሰጠውና በስሩ ምን እንደ ተሸፈነ ጭምር ነው። ጎንደርና የሰሜን ደጋ ለዚህ በቂ ማስረጃ አላቸው።

የቋራው ካሳ ኃይሉ በመሳፍንቱ ዘንድ «ሽፍታ» ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፣ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባሰበው በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ሲደፋ፣ ያው ስያሜ በእርሱ ላይ ለሚያምፁ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የቃሉ ፍቺ አልተነካም፤ ሰያሚው ግን ተለውጧል።

ይበልጥ ሊጤን የሚገባው «አናርኪስት» የተባለው ስያሜ ነው። ደርግ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ኢሕአፓን የጠራው በዚህ ቃል ነበር። በውጭ ሀገር በተከታተልነው የንድፈ ሐሳብ ትምህርት እንደምናውቀው፣ አናርኪዝም መንግሥትን በማናቸውም መልኩ የሚቃወም አስተሳሰብ ነው፤ ባኩኒን እ.ኤ.አ. በ1872 ከአንደኛው ኢንተርናሽናል የተባረረው ከማርክስ ጋር በዚሁ በመጋጨቱ ነው። ኢሕአፓ ግን ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ ፕሮግራምና ጥብቅ የድርጅት ዲሲፕሊን ነበረው፤ መሐላውም እንደ ደርግ ሁሉ በማርክስና በሌኒን ነበር። «ቃሉ ሥርዓተ አልባ ለማለት ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ድርጅቱ በከተማ ግድያ መፈጸሙ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ግድያው በኮሚቴ ውሳኔ የተፈጸመ እንጂ የሥርዓተ አልባ ሥራ አልነበረም። እንደ እኛ አመለካከት የስያሜው ጥቅም ሌላ ነው፦ ሁለት ወገኖች በአንድ መጽሐፍ እየማሉ ለምን እንደሚጋደሉ ሠርቶ አደሩ እንዳይጠይቅ ማድረግ።

ደርግ ለራሱ ያወጣው ስምስ? «ደርግ» ኮሚቴ ማለት ነው፤ ውሎ አድሮ ግን ኮሚቴው የአንድ ሰው ሥልጣን መሣሪያ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የተለጠፈው «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽልም እስከ 1980 ዓ.ም. ዘልቋል።

«ቀበሌ» በፍቺው አካባቢ ማለት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት ሲያቋቁም ቃሉ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ እስር ቤት። በመላኩ ተፈራ አስተዳደር ዘመን በጎንደር «አናርኪስት» ተብለው ከየቤታቸው የተወሰዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እናቶቻቸው የቃሉን ፍቺ የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም፤ ልጃቸው የት እንዳለ ለመጠየቅም የሚሄዱት ወደዚያው ቀበሌ ነበር።