ወገብ ላይ የምትውለው እርምጃ ቆጣሪ የምትናገረውና የማትናገረው

አንድ ጥማድ መሬት በበሬ የሚያርስ ገበሬ ምን ያህል መንገድ ይጓዛል? ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም ስሌቱ ቀላል ነው። ጥማድ በተለምዶ የአንድ ሄክታር ሩብ፣ ማለትም 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ያህል ተደርጎ ይቆጠራል። ከፈር እስከ ፈር ያለው ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አራሹ መሬቱን አንድ ጊዜ አርሶ ለመጨረስ ከበሬዎቹ ኋላ 10 ኪሎ ሜትር ይራመዳል። የአንድ እርምጃው ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር ነው ቢባል ከ15 ሺህ በላይ እርምጃ ማለት ነው። ይህ ማሳው ዳር ደርሶ በሬዎቹን የሚያዞርበትን፣ ጠዋት ከቤት ወደ ማሳ፣ ማታ ከማሳ ወደ ቤት የሚመላለስበትን አይጨምርም። ለጤፍ የሚዘጋጅ መሬት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ታርሶ አይተውም።

የዚህ ገበሬ ልጅ ከተማ ገብቶ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ባለሱቅ ሆኗል እንበል። ጠዋት ከደጃፉ ባጃጅ ይሳፈራል፤ ቀኑን በወንበር ላይ ያሳልፋል፤ ማታም በባጃጅ ይመለሳል። ሥራው አድካሚ ሊሆን ይችላል፤ ድካሙ ግን የእግር አይደለም። የሚበላው እንጀራ የአባቱን ያህል ሲሆን የሚራመደው የአባቱን ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ይኸው የእንቅስቃሴ ማነስ ነው። አስቸጋሪው ነገር ሰው መቀነሱን ራሱ አለማወቁ ነው። «ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልሁ» ብሎ የሚያምን ሰው ተለክቶ ቢታይ ከሱቁ ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ሱቁ ከመመላለስ ያለፈ ላይገኝበት ይችላል።

እርምጃ ቆጣሪ፣ ወይም በውጭው ስሙ ፔዶሜትር፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የክብሪት ሣጥን የምታህል፣ ከጀርባዋ ባለው ክሊፕ ቀበቶ ላይ የምትያዝ፣ በትንሽ መስኮቷ ቁጥር የምታሳይ መሣሪያ ናት። ዘመናዊ ስልኮችና የእጅ ሰዓቶች ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ነገር ግን ስልክ ቻርጅ ይፈልጋል፤ በሥራ ሰዓትም ጠረጴዛ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ይቀመጣል። እርምጃ ቆጣሪዋ የምትሠራው እንደ ሰዓት ባትሪ ባለ ክብ ትንሽ ባትሪ ስለሆነ መብራት ባልገባበት ቀበሌም ለብዙ ወራት ታገለግላለች።

አሠራሯ ብዙ ምሥጢር የለውም። በነባሮቹ ዓይነቶች ውስጥ በስስ ሞላ የተያዘ ትንሽ ዘንግ አለ። ሰው በተራመደ ቁጥር ወገቡ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዘንጉም አብሮ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ በእያንዳንዱ ምት የኤሌክትሪክ ንክኪ ይፈጠርና አንድ ተብሎ ይመዘገባል። ቀኝ እግር አንድ፣ ግራ እግር ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። በአዳዲሶቹ ዓይነቶች ዘንጉን እንቅስቃሴ የሚለካ ጥቃቅን ኤሌክትሮኒክ ክፍል ተክቶታል።

መሣሪያዋ እግርን አታይም፤ የምታየው የወገብን መነቃነቅ ነው። ስሕተቶቿ ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው። በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር በታች እየተጎተተ የሚሄድ ሰው ወገቡ በበቂ ስለማይነሣ ብዙ እርምጃዎቹ ሳይቆጠሩ ይቀራሉ፤ በምርኩዝ የሚሄዱ አረጋውያን ይህ ያጋጥማቸዋል። ባለዘንጓ መሣሪያ ቀጥ ብላ ካልቆመችም ትሳሳታለች። ቦርጭ ያለው ሰው ቀበቶው ወደ ፊት ስለሚያዘነብል መሣሪያዋም አብራ ታዘነብላለች፤ መፍትሔው ወደ ጎን፣ ወደ ዳሌ አጥንት አካባቢ ማዞር ነው። በሌላ በኩል በኮረኮንች መንገድ በባጃጅ የሚጓዝ ሰው ተቀምጦ ሳለ እርምጃ ሊቆጠርለት ይችላል። በቅሎ የጋለበ ሰውም የበቅሎዋ እርምጃ በእርሱ ስም ቢመዘገብ ሊደነቅ አይገባም።

የሚሻለው ቦታ ከጉልበት በላይ በቀጥታ መስመር ወገብ ላይ ነው። ሱሪ ወይም ቁምጣ ለለበሰ ሰው ቀበቶው ላይ፣ ቀሚስ ለለበሰች ሴት ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ መቀነት ላይ መስካት ይቻላል። ላላ ብሎ በታሰረ መቀነት ላይ ግን መሣሪያዋ ስለምትወዛወዝ ቁጥሩ አይታመንም። ክሊፑን በቀጭን ገመድ ከልብሱ ጋር ማያያዝም ብልህነት ነው። እንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠፉት በመበላሸት ሳይሆን መጸዳጃ ቤት ውስጥ በመውደቅ ወይም ከልብስ ጋር አብረው በመታጠብ ነው። አብዛኞቹ ውኃ አይችሉም፤ በክረምት በላስቲክ መጠቅለል ይጠቅማል።

አዲስ መሣሪያ የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊፈትናት ይገባል። ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሶ፣ በተለመደ አካሄዱ፣ በራሱ አፍ እየቆጠረ 100 እርምጃ ይራመድ። መስኮቷ ከ97 እስከ 103 ባለው መካከል ካሳየች ደኅና ናት፤ የመሣሪያው መስፋፊያ በሆነችው ጃፓን የሚፈቀደው የስሕተት ልክም 3 በመቶ ነው። ከዚያ ከራቀች ቦታዋን ቀይሮ ደግሞ መሞከር ነው። በሦስትና በአራት ቦታ ተሞክራ ካልተስተካከለች ለሻጩ መመለስ ይሻላል። ርቀቱንም ማወቅ የሚፈልግ ሰው መሬት ላይ ምልክት አድርጎ 10 እርምጃ ይራመድና የተጓዘውን በሜትር ለክቶ ለ10 ያካፍል። 6 ሜትር ተኩል ከሆነ አንዱ እርምጃው 65 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ዓይነት የኑሮ ለውጥ ሳያደርጉ መሣሪያዋን ከመነሣት እስከ መተኛት ታጥቆ ማታ ማታ ቁጥሩን መጻፍ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያዋን እንደታጠቀ በጉጉት ረጅም መንገድ ይሄድና የእውነተኛ ኑሮውን ልክ ሳያውቅ ይቀራል። ለምሳሌ አንዲት የከተማ ነዋሪ ከሰኞ እስከ እሑድ 3 ሺህ 200፣ 4 ሺህ 100፣ 2 ሺህ 900፣ 5 ሺህ 600፣ 3 ሺህ 800፣ 6 ሺህ 400 እና 2 ሺህ ብትመዘግብ ድምሩ 28 ሺህ ይሆናል፤ ለሰባት ሲካፈል በቀን 4 ሺህ ነው። መነሻዋ ይህ ነው። ቅዳሜ ቁጥሩ ከፍ ያለው ገበያ ስለዋለች መሆኑን ደብተሩን ስታየው ራሷ ትረዳዋለች። ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት በቀን 500 እርምጃ ትጨምር፤ ይህም የአምስት ደቂቃ ያህል መንገድ ነው። ከባጃጅ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ሲለመድ ደግሞ ሌላ 500 ይጨመራል።

ደብተርና ግብ ይህን ያህል ለምን አስፈለጉ? እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት 26 ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር። እርምጃ ቆጣሪ የተጠቀሙ ሰዎች እንቅስቃሴያቸው ከመነሻቸው በ27 በመቶ ያህል መጨመሩን፣ የላይኛው የደም ግፊት ልካቸውም በአማካይ 4 ነጥብ በሚጠጋ መጠን መቀነሱን አሳይቷል። የዕለት ግብ ማስቀመጥ ለእንቅስቃሴው መጨመር ዋነኛ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። መሣሪያዋ ብቻዋን ማንንም አታስኬድም።

ግብ ሲነሣ በየሰው አፍ ያለው ቁጥር «10 ሺህ» ነው። የዚህ ቁጥር ታሪክ ወደ ቶኪዮ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የኦሎምፒክ ጨዋታ ተካሄደ። በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከ40 ቀናት ገደማ በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ያጠለቀው በዚህ ጨዋታ ነው። ጨዋታው በጃፓናውያን ዘንድ የአካል እንቅስቃሴ ፍላጎትን አነሣሣ። በማግሥቱ ዓመት አንድ የጃፓን ሰዓት ሠሪ ድርጅት ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ሠርቶ ለገበያ አቀረበና «ማንፖ-ኬይ» አለው፤ ትርጓሜውም «የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ» ነው። በጃፓኖች አጻጻፍ 10 ሺህን የሚወክለው ምልክት የሚራመድ ሰው ይመስላል። እንግዲህ ዓለም ዛሬ እንደ ሐኪም ትእዛዝ የሚጠቅሰው ቁጥር መጀመሪያ የታወቀው በሸቀጥ ስም ነው። መጥፎ ቁጥር ግን አይደለም፤ ለጤነኛ ጎልማሳ ጥሩ ግብ ነው። ጉዳት የሚኖረው 4 ሺህ የሚራመዱ የ70 ዓመት እናት «10 ሺህ ካልሞላሁ ምን ዋጋ አለው» ብለው መሣሪያዋን መሳቢያ ውስጥ የጣሏት እንደሆነ ነው።

ለእኚህ እናት የሚያበረታታ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትሏል። በቀን 4 ሺህ 400 ያህል የሚራመዱት፣ 2 ሺህ 700 ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ በጥናቱ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ እስከ 7 ሺህ 500 እርምጃ ድረስ እያደገ ሄዶ ከዚያ በላይ ብዙም አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የ15 ጥናቶችን ውጤት ያጣመረ ሌላ ሥራ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ጥቅሙ ከ6 ሺህ እስከ 8 ሺህ፣ ከዚያ በታች ላሉት ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ባለው መካከል እንደሚረጋ አመልክቷል። እነዚህ ጥናቶች ሰዎችን የተከታተሉ እንጂ አስገድደው ያስኬዱ አይደሉም፤ ጤነኛ ሰው ቀድሞውንም ብዙ ሊራመድ ስለሚችል መቶኛውን በሙሉ ለእርምጃው መስጠት አይገባም። አቅጣጫው ግን በየጥናቱ አንድ ነው። ብዙ ጥቅም የሚገኘው ከጥቂት ወደ መካከለኛ በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው።

ፍጥነትም የራሱ ቦታ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በእግር ጉዞ ሲሰላ መካከለኛ የሚባለው በደቂቃ 100 እርምጃ ያህል ነው። ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 3 ሺህ እርምጃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚራመድ ሰው ምክሩን ሞልቷል።

ለገበሬው እርምጃ ቆጣሪ ምን ይፈይዳል? በካናዳ ኦንታርዮ ግዛት በፈረስ የሚያርሱና መኪና የማይነዱ አሚሽ የሚባሉ የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባላት እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በወጣ ጥናት መሣሪያውን ታጥቀው ነበር። ወንዶቹ በቀን በአማካይ 18 ሺህ 425፣ ሴቶቹ 14 ሺህ 196 እርምጃ ተራምደዋል። ከበሬ ኋላ የሚውል የኢትዮጵያ ገበሬ የእርምጃ እጥረት እንደሌለበት ከላይ ያለው ስሌት ያሳያል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ዕረፍትና በቂ ምግብ እንጂ ተጨማሪ ጉዞ አይደለም። ይሁንና የእርሻው ዓመት አንድ ዓይነት አይደለም። አዝመራ ገብቶ ሥራው ሲቀዘቅዝ ባሉት ወራት ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ትራክተር የተከራየ ወይም ባጃጅ የገዛ ሰው አካሄዱ እንዴት እንደተለወጠ ደብተሩ ሊነግረው ይችላል።

መሣሪያዋ የማትናገረውም ብዙ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ በጀርባ ተሸክሞ ዳገት የመውጣትን አንድ እርምጃ ባዶ እጅን ሜዳ ላይ ከመራመድ ጋር እኩል ትቆጥረዋለች። አጎንብሶ ማጨድን፣ መውቀጥን፣ ልብስ ማጠብን፣ ምጣድ ሥር ተቀምጦ እንጀራ መጋገርን ከነጭራሹ አታያቸውም። ማታ የመስኮቷን ቁጥር አይቶ «ዛሬ 5 ሺህ ብቻ ነው፤ ምን ሠራሽ?» የሚል ባል ቢኖር፣ የተናገረው ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ ሚስቱ ሥራ አይደለም።

ጥንቃቄም አለ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ሲራመድ ደረቱን የሚወጋው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው እርምጃ ከመጨመሩ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት አለበት። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ላይ ያለ ቁስል ላይሰማው ስለሚችል የሚመች ጫማ ማድረግና ማታ ቁጥሩን ሲጽፍ መዳፉንና የጣቶቹን መካከል ማየት ይገባዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ረጅም ጉዞ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር መጨመር የለበትም።

የመጨረሻው ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ጥቃቅን ቢመስልም ብዙ ደብተር ያበላሻል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች በእኩለ ሌሊት ራሳቸውን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። ይህንን የሚያደርጉት በውስጣቸው በተሞላው ሰዓት ነው። ሰዓቷን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ ጠዋቱን «ከሰዓት በኋላ» ያላት ሰው ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ የቀኑ ቁጥር ይጠፋበታል። ጠዋቱን በትክክል «ጠዋት» ብሎ ከሞላት ግን ቁጥሩ የሚታደሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ቀኑን ለሚጀምር ገበሬ ይህ ከእኩለ ሌሊቱ የተሻለ ይስማማዋል።