ድምፅን በመዝገብ ስለ መያዝ

ከተማችን ንፋስ መውጫ ከስሟ እንደምንረዳው ነፋስ አጥታ አታውቅም። የሰው ድምፅም እንደ ነፋስ ነው፤ ካልያዙት ያልፋል። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳገለግል የደረሰውን ጥፋትና ያገኘነውን መፍትሔ በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ዘበኛችን የነበሩ አንድ አዛውንት ጡረታ ሲወጡ የሕይወት ታሪካቸውን በሁለት ክፍል ቀርጸን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ። ልጃቸው መጥታ «የአባቴን ድምፅ አሰሙኝ» ባለችን ጊዜ ኮምፒዩተራችንን ብንከፍተው 212 ፋይሎች ያለ ሥርዓት ተከማችተውበታል። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ አዳመጥን። የመጀመሪያው ክፍል ተገኘ፤ ሁለተኛው ግን የለም። ስሙን «ቃለ መጠይቅ» ብቻ ብለነው ስለ ነበር፥ በዚያው ስም የመጣ ሌላ ፋይል በላዩ ተገልብጦ አጥፍቶታል። የገለበጥሁትም እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በነበረበት ዘመን ድምፅ የሚቀረጸው በቴፕ ክር ነበር። ዛሬ የክሩን ቦታ ፋይል ተክቶታል፤ ጠባቂነቱን ደግሞ ዳታቤዝ ይዞታል። ይህም ከቤተ መጻሕፍት ጋር ይመሳሰላል፤ መጽሐፉ በመደርደሪያ፣ መግለጫው በካርድ ላይ እንደሚሆን ማለት ነው።

እኛ የመረጥነው ሪቨንዴል የተባለውን በነፃ የሚገኝ የራዲዮ ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ድምፁ ራሱ በአንድ ማኅደር ይቀመጣል፤ ርእሱ፣ የተናጋሪው ስምና ርዝመቱ ግን በዳታቤዙ ይመዘገባል። ለእያንዳንዱም ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ ሁለት ድምፆች አንድ ርእስ ቢኖራቸውም አንዱ ሌላውን አያጠፋም።

አዲስ ድምፅ ለማስገባት አንድ የመቀበያ ማኅደር አዘጋጀን። ከስልክ የመጣው ፋይል እዚያ ሲገባ መሣሪያው ራሱ አንሥቶ የድምፁን ኃይል ያስተካክላል፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ጸጥታ ያልፋል፤ ቁጥርም ሰጥቶ ይመዘግበዋል። ድምፅ ብዙ ቦታ እንደሚፈጅ አትርሱ። በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልክ በ2 ባይት፣ በሁለት መስመር ሲያዝ አንድ ደቂቃው ከ10 ሜጋባይት ይበልጣል። ለንግግር ግን አንድ መስመር ስለሚበቃ ግማሹ ይድናል።

የዕለቱ የፕሮግራም ዝርዝር ደግሞ ድምፁን አይዝም፤ ቁጥሩንና ሰዓቱን ብቻ እንጂ። ስለዚህ አንድ ድምፅ ሳይባዛ በብዙ ቀን ዝርዝር ሊገባ ይችላል።

ሁለት ነገር አስቸገረን። አንደኛው ፊደል ነው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት ነው፤ ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ የአጻጻፍ ደንብ አውጥተን በግድግዳው ላይ ለጠፍን። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ለጠዋቱ 2 ሰዓት ብለን 2:00 ጻፍን፤ ማጉያውንም ሳናጠፋ ሄድን። የመሣሪያው ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነውና ማስታወቂያችንን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለባዶ ግቢ አሰማው። መጻፍ የነበረብን 8:00 ነበር።

መብራት በድንገት ሲጠፋ መዝገቡ ሊበላሽ ስለሚችል በየሳምንቱ ዓርብ ቅጂ እንወስዳለን፤ ይኸውም የዳታቤዙንም የድምፁንም ነው። ያለ መዝገቡ ድምፁ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያለ ድምፁም መዝገቡ ባዶ ስም ነው።

የአዛውንቱ የመጀመሪያ ክፍል ዛሬ በቁጥር 010001 ተመዝግቦ ይገኛል፤ ልጃቸውም ቅጂውን ወስዳለች። ሁለተኛውን ግን ማንም መሣሪያ አይመልሰውም። እናንተ ከእኛ በኋላ ክበቡን የምትረከቡ ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ፥ የቀረጻችሁትን ድምፅ በዚያው ቀን መዝግቡት።