ፎርማት ከተደረገ ዲስክ ምን ይመለሳል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2006 በአሜሪካዋ አላስካ ግዛት የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ የተለመደ ጥገና ሲያደርግ የነበረ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ መነካት የሌለበትን ዲስክ ፎርማት አደረገ። ዲስኩ ላይ የነበረው ነዋሪዎች ከ38 ቢሊዮን ዶላሩ የነዳጅ ፈንድ ዓመታዊ ድርሻቸውን ለማግኘት ያስገቡት ማመልከቻና ማስረጃ ነው። መጠባበቂያውንም ዲስክ በስሕተት ፎርማት አደረገው። ሦስተኛው መከታ የነበረው ቴፕ ደግሞ ሲሞከር አልነበብ አለ። ስካን የተደረጉ 800,000 ገደማ ምስሎች ጠፉ፤ የውጭ ባለሙያ ተጠርቶም አልተመለሱም። መሥሪያ ቤቱን ያዳነው ከ300 በሚበልጡ ካርቶኖች ታጭቆ የነበረው ወረቀት ነው። ወደ 70 የሚሆኑ ሰዎች በትርፍ ሰዓትና በቅዳሜ እሑድ እየሠሩ ሁሉንም እንደገና አስገቡት፤ ወጪው ከ200,000 ዶላር አለፈ።

ይህን የሰማ ሰው ፎርማት የተደረገ ዲስክ አለቀለት ቢል አይፈረድበትም። በየቤታችንና በየፎቶ ቤቱ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው። ነገሩ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ሲሰካ ዊንዶውስ ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት ሲል ነው። ዲስኩ በማክ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፋይል እየተጻፈበት ሳለ መብራት ጠፍቷል፣ ገመዱ ተነቅሏል። ኮምፒውተሩ የቸገረው የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ ማንበብ ብቻ ነው፤ የሚያቀርበው መፍትሔ ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ከዊንዶውስ መልእክቶች ውስጥ እንደዚህ የምጠላው የለም።

ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ፎርማት ደግሞ በአብዛኛው «ፈጣኑ» ነው። ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል፤ ፍጥነቱ ራሱ ምስክር ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት የሚጻፍበት ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ለመሸፈን ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በዐሥር ሴኮንድ ፎቶዎቹ ሊደመሰሱ አይችሉም፤ የተተካው ማውጫው ነው። ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ አደረጃጀት እያንዳንዱ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ 1,024 ባይት የምትሆን መዝገብ አለችው፤ ስሙ፣ መጠኑና የተቀመጠበት ቦታ እዚያ ሰፍሯል። ፈጣኑ ፎርማት አዲስና አጭር ሰንጠረዥ ስለሚጽፍ ከድሮዎቹ መዝገቦች የሚያጠፋው የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ነው። የቀሩት ባሉበት አሉ። ሁሉም በተመሳሳይ አራት ፊደላት ስለሚጀምሩ ፈላጊ ሶፍትዌር ይለቅማቸዋል፤ ፎልደሩም ስሙም እንደነበረ ሊመለስ ይችላል። በፍላሽና በካሜራ ካርድ የተለመደው ፋት32 ላይ ግን ይከብዳል፤ የፋይሉ ቁርጥራጮች በምን ቅደም ተከተል እንደሚያያዙ የሚናገረው ሰንጠረዥ በዜሮ ይሞላልና።

ማውጫው ጨርሶ ከጠፋ ሌላ መንገድ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው እሱ ነው። ሶፍትዌሩ ዲስኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ የፋይል ዓይነቶችን በመልካቸው ይለያል። ጄፔግ ፎቶ 255፣ 216፣ 255 በሚሉ ባይቶች ይጀምራል፤ በ255 እና 217 ያበቃል። የዚፕ ፋይል መነሻው ፒ እና ኬ የሚሉት ፊደላት ናቸው፤ የፈጣሪው የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ያለው የወርድ ሰነድም በውስጡ ዚፕ ስለሆነ በእነዚሁ ይታወቃል። ክሪስቶፍ ግረኒየ የሠራው ፎቶሬክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ጉድለቱ የፋይሉ ስምና ፎልደሩ አለመመለሳቸው ነው፤ በቁጥር የተሰየሙ ሺህ ፎቶዎች ታገኛላችሁ። ተበታትኖ የተቀመጠ ትልቅ ቪዲዮ ደግሞ ግማሹ ተገኝቶ አልከፈትም ሊል ይችላል፤ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች ይህን ሥቃይ ያውቁታል። አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር፦ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ተመልሶ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ቢያሳይ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። እነዚያ ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ሙሉ» ፎርማት ግን ሌላ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ዲስኩን ለብልሽት ከመፈተሽ አያልፍም ነበር፤ ከቪስታ ወዲህ ሁሉንም በዜሮ ይሞላል። ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 በላዩ የተጻፈበት መረጃ እንኳ በረቂቅ ማይክሮስኮፕ ሊነበብ ይችላል ስላለ 35 ጊዜ ደጋግሞ የመጻፍ ልማድ ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ክሬግ ራይትና ባልደረቦቹ ፈትሸው በዘመናዊ ዲስክ አንድ ጊዜ መጻፍ እንደሚበቃ አሳዩ። ስለዚህ በላዩ የተጻፈበትን እመልሳለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ኤስኤስዲ የተባለው የዲስክ ዓይነትም ከዚህ ጋር ይቆጠራል፤ ትሪም በተባለው ትእዛዝ ነፃ የተባለውን ቦታ ራሱ ያጸዳል፣ ፈጣኑ ፎርማት እንኳ ሊያስጀምረው ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ ሃርድ ዲስኮችም ይህንኑ ትእዛዝ ይቀበላሉ።

እንግዲህ ከፎርማቱ በኋላ የዲስኩ ጠላት በላዩ የሚጻፍ ማንኛውም ነገር ነው። ወዲያው ንቀሉት። ሶፍትዌሩን እዚያው ላይ አትጫኑ፤ የተገኘውንም ፋይል ወደዚያው አትመልሱ። መጀመሪያ ዲስኩ እንዳለ፣ ባዶ የሚመስለው ቦታም ሳይቀር፣ እኩል ወይም ከእሱ የሚበልጥ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጥ፤ ለዚህ ዲዲሬስኪው የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ፍለጋው በቅጂው ላይ ይሁን። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው ግን ሶፍትዌር አይረዳውም፤ አንባቢው ጭንቅላት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መሥራቱን በቀጠለ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል።

ጥገና ቤት ከወሰዳችሁትም ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «መጀመሪያ ትገለብጠዋለህ ወይስ በዋናው ላይ ነው የምትሠራው?» በሉት። በዋናው ላይ ካለ ዲስካችሁን ተቀብላችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።