«ገንዘብ አንመልስም» ሲባል፦ ሸማቹ ማወቅ ያለበት

«ገንዘብ አንመልስም።» በእስራኤል ሱቆች ይህን መልስ ያልሰማ ሸማች ጥቂት ነው። መልሱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከሕግ ውጭ ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ገዢ ግን፣ በተለይ ዕብራይስጡ ካልተመቸው፣ ነገሩን ትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከጡረታ ተቆጥቦ የተከፈለ ገንዘብም በዚያው ይቀራል።

በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ በዕብራይስጥ ሖክ ሃጋናት ሃጻርካን፣ ከእርሱ በኋላ ከወጡት ደንቦች ጋር ሆኖ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱ እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ዕቃው ተበላሽቶ ነው? ወይስ ዕቃው ደህና ሆኖ ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ነው? ወይስ ግዢው የተፈጸመው በስልክ ወይም በር አንኳኩቶ ከመጣ ሻጭ ነው? ወደ ሱቅ ከመሄድ ወይም ስልክ ከመደወል በፊት ጉዳዩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ግማሹን ሥራ ያቃልላል።

ዋሱ ወረቀት ነው

በአገር ቤት በሬ ወይም በቅሎ ሲሸጥ ዋስ ይጠራ ነበር። ከብቱ የስርቆት ሆኖ ቢገኝ ገዢው ዋሱን ይይዛል። እዚህ ለሚገዛ ዕቃ ሰው ዋስ አይቆምም፤ የሚቆመው ወረቀት ነው። ስለዚህ ሁለት ወረቀቶች መጣል የለባቸውም፦ የክፍያው ደረሰኝ፣ ማለትም ካባላው፣ እና የዋስትናው ወረቀት፣ ማለትም ቴዑዳት አህራዩት። ደረሰኝ ቢጠፋ የክሬዲት ካርዱ ወርሃዊ ዝርዝር መቼና ከማን እንደተገዛ ለማስረዳት ሊረዳ ይችላል።

አንደኛ፦ ዕቃው ሲበላሽ

ዋጋቸው ከ400 ሼቅል በላይ የሆነ አዲስ የኤሌክትሪክ፣ የኤሌክትሮኒክስና የጋዝ ዕቃዎች ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና በሕግ አላቸው። ይህ ዋስትና ሻጩ በቸርነት የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። ተጨማሪ ገንዘብም አይከፈልበትም። ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ዕቃው ገዢው እጅ ከገባበት ቀን ነው።

በዚህ ዓመት ውስጥ ዕቃው ቢበላሽ የመጠገን ግዴታ ያለበት አምራቹ ወይም አስመጪው ነው። ለመለዋወጫውም ለሠራተኛውም አያስከፍልም። እንደ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያሉ ትልልቅ ዕቃዎች የሚጠገኑት ገዢው ቤት ነው፤ ተሸክሞ መውሰድ አያስፈልግም። መጠገን ካልተቻለ ተመሳሳይ ዓይነትና ጥራት ባለው ዕቃ ይለወጣል፣ ወይም የተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል። ስለዚህ አምስት ወር የሠራ ማቀዝቀዣ ሲቆም ሻጩ «ኩባንያው ጋ ደውሉ» ቢል፣ አባባሉ ገዢውን ለመሸኘት ብቻ የተባለ ላይሆን ይችላል። የአገልግሎቱ ስልክ ቁጥር በዋስትናው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ መጀመሪያ የሚደወለውም ወደዚያ ነው።

ዋስትናው የማይሸፍነው ጉዳትም አለ። ገዢው በቸልተኝነት ወይም ሆን ብሎ ያበላሸው ዕቃ፣ ወይም ኩባንያው ያልፈቀደለት ሰው ከፍቶ የነካካው ዕቃ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። «ጎረቤት የኤሌክትሪክ ሙያ አለው፣ አንዴ ይየው» ተብሎ የተከፈተ ማሽን በዚህ ምክንያት ከዋስትና ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ዓመቱ ሳያልቅ ለሌላ ሰው ባያስነኩት ይሻላል።

ክፍያ ሲፈጸም ሻጮች «የተራዘመ ዋስትና» እንዲገዛ ያቀርባሉ። ይህ ከሕጉ ዋስትና የተለየና የሚከፈልበት ነው። መቀበልም አለመቀበልም የገዢው ፈንታ ነው። ያልተቀበለ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ዋስትና አያጣም።

ጠጋኙ፣ ቴክናዩ፣ ሲቀጠርም ሕግ አለ። የሚመጣበት ሰዓት አስቀድሞ ከደንበኛው ጋር ይስማማል፤ ደንበኛው ከተቀጠረው ሰዓት በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲጠብቅ መደረግ የለበትም። ሕጉ ለሚመለከታቸው አገልግሎቶች፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ለዘገየ 300 ሼቅል፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ለዘገየ ደግሞ 600 ሼቅል ካሳ ተወስኗል። ይህን ካሳ ለማግኘት ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። የቀጠሮውን ሰዓትና ቴክናዩ የደረሰበትን ሰዓት ጽፎ መያዝ ግን ይጠቅማል።

ሁለተኛ፦ ዕቃው ደህና ሆኖ ሐሳብ ሲቀየር

ከ50 ሼቅል በላይ የሆኑ ብዙ ዕቃዎች ሱቅ ውስጥ ከተገዙ በኋላም በ14 ቀን ውስጥ ሊመለሱ ይችላሉ። ነገር ግን ዕቃው ያልተጠቀሙበትና ያልተጎዳ መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሶኬት ላይ ከተሰካ እንደተጠቀሙበት ይቆጠራል። ካርቶኑን መክፈት ብቻ ግን መጠቀም አይደለም። ልብስና ጫማ ከነምልክቱ በሁለት ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ በዚህ ቆጠራ የዕረፍት ቀናት አይገቡም። ምግብ፣ መድኃኒትና ለአንድ ገዢ ተለክቶ የተሠራ ዕቃ በዚህ መንገድ አይመለስም።

ሻጩ በዚህ ጊዜ ትንሽ ክፍያ ሊቆርጥ ይችላል። መጠኑም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። 800 ሼቅል የተገዛ ጠረጴዛ ቢመለስ ሻጩ መቁረጥ የሚችለው 40 ሼቅል ነው። 3,000 ሼቅል የተገዛ ከሆነ ደግሞ 5 በመቶው 150 ቢሆንም ከ100 ሼቅል በላይ አይቆረጥም። ዕቃው የሚመለሰው ጉድለት ስላለበት ከሆነ ግን ምንም አይቆረጥም።

ሱቁ የዕቃ አመላለስ መመሪያውን በግልጽ መለጠፍ አለበት። ሱቁ ከሕጉ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል፤ ከሕጉ ያነሰ ግን መስጠት አይችልም። ስለዚህ ገንዘብ መመለስ በሚገባው ጉዳይ ላይ ገዢው ዚኩይ፣ ማለትም በገንዘቡ ፈንታ ለሌላ ግዢ የሚያገለግል ወረቀት፣ እንዲወስድ ሊገደድ አይችልም።

ሦስተኛ፦ ስልክ የደወለ ወይም በር ያንኳኳ ሻጭ

አንድ ሰው ይደውላል፣ በፍጥነት ይናገራል፣ «አዎ» ይባላል፤ በሁለተኛው ቀን ከባንክ ገንዘብ ይወጣል። ለአዛውንቶች ከሁሉ በላይ ጠቃሚው የሕጉ ክፍል ለዚህ የወጣው ነው። በስልክ ወይም በሌላ የርቀት መንገድ የተገዛ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማንኛውም ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ እንዲሁም የቴዑዳት ዖሌ ወረቀቱን ካገኘ አምስት ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ ግን አራት ወር አለው። ለዚህ ሁኔታው ግዢው በሻጩና በገዢው መካከል ንግግር የተደረገበት መሆኑ ነው። ቤት ድረስ መጥቶ ለሸጠ ሻጭም ይኸው የአራት ወር ጊዜ ይሠራል። ሻጩ መታወቂያ ወይም ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ማሳየት ተገቢ ነው።

እንዲህ ያለው ጥሪ ለሰለቸው ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የሚሠራ መዝገብ አለ። ስሙ አል ቲትካሽሩ ኤላይ፣ ትርጉሙም «አትደውሉልኝ» ነው። ቁጥሩ እዚያ የተመዘገበ ሰው ጋ የሽያጭ ጥሪ ማድረግ የተከለከለ ነው።

ምን ይባላል፣ ማን ጋ ይኬዳል

ግዢን ለመሰረዝ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ወንድ ሲሆን «አኒ ሜቫቴል ኤት ሃዒስካ»፣ ሴት ስትሆን «አኒ ሜቫቴሌት ኤት ሃዒስካ» ይባላል። ትርጉሙ «ግዢውን ሰርዣለሁ» ነው። ይህንን በስልክ፣ በሱቁ በአካል፣ በኢሜል ወይም በተመዘገበ ፖስታ መናገር ይቻላል። ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ማለትም ሚስፓር ዜሁት፣ አብሮ ይሰጣል። በአፍ ከተነገረም በኋላ በጽሑፍ መላኩ ይመረጣል፤ በአፍ የተባለ ነገር ሲካድ የሚያስረዳው ጽሑፉ ነው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መልእክቱን ሊጽፍ ይችላል፤ ቀኑን ማስገባት ግን መረሳት የለበትም።

ሻጩ ገንዘቡን ካልመለሰ ቅሬታ ሊቀርብ የሚችለው ለሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን፣ ወይም ለእስራኤል የሸማቾች ምክር ቤት ነው። ከዚያ በኋላ አነስተኛ ክሶች የሚታዩበት ፍርድ ቤት አለ፤ በዕብራይስጥ ቤት ሚሽፓት ለትቪዖት ክታኖት ይባላል። እዚያ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። ሕጉን ተላልፎ ገንዘብ አልመልስም ባለ ሻጭ ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳት ሳይረጋገጥ እስከ 10,000 ሼቅል የሚደርስ ካሳ ሊወስን ይችላል። ከክሱ በፊት ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ነገሩን ያጠናክራል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ደረሰኝ። ብዙዎቹ የሱቅ ደረሰኞች በሙቀት ስለሚታተሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ጽሑፋቸው ይደበዝዛል፤ ሊነበቡ እስከማይችሉ ድረስም ይነጣሉ። ዕቃው ቤት በገባበት ቀን የደረሰኙን ፎቶ በስልክ አንስቶ፣ ወረቀቱን ከዋስትናው ጋር በአንድ ፖስታ ከትቶ፣ የፖስታው ላይ የዕቃውን ስምና የተገዛበትን ቀን መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።